የሉባባ አንደበት

የትምህርት ቤቱ መልእክት የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት፣ ኑሃ ጫማዋን ስታደርግ ነው። ተናጋሪው ግድግዳ እንደ ወትሮው በአየሩ ጀመረ፤ ጦሳ ተራራ ላይ ጉም አለ፣ ከሰዓት በኋላ ሊያካፋ ይችላል። ከዚያ ድምፁን ሳይለውጥ መልእክቱን አነበበ። ተማሪ ኑሃ ጀማል፣ ዕድሜ ስድስት፣ ንግግሯ ላይ መቆራረጥ ታይቷል፤ ከመጪው መንፈቀ ዓመት ጀምሮ ማቅኛ እንድታደርግ ወላጅ እስከ ወሩ መጨረሻ ስምምነቱን ያረጋግጥ።

ማቅኛ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ፣ አንገት ሥር የምትለጠፍ ነገር ናት። ከኑሃ ክፍል አራት ልጆች አድርገዋታል። ልጁ እንደ ምንም ብሎ ይናገራል፣ ቃሉ ከቁልፏ ተስተካክሎ ይወጣል። ወር ሁለት ወር ሲቆይ ልጁ ጮክ ብሎ መናገሩን ይተውና ለቁልፏ ብቻ ማንሾካሾክ ይለምዳል። አስተማሪዎቹ ክፍሉ ጸጥ አለልን ይላሉ።

«ቶሎ ማየታቸው ጥሩ ነው» አለች ሰሚራ፣ የልጇን ቦርሳ እየዘጋች።

የሰሚራ አባት አቶ እንድሪስ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ምኑ ነው የሚቃናው? አያቷም እንዲሁ ነበረች። ተብታባ ነበረች፤ ማን ምን አላት?»

ሰሚራ ቀና ብላ አየቻቸው። «የቷ አያቷ?»

«እናትሽ ነቻ። ሉባባ።»

«እማዬ?» አለች ሰሚራ። «አባ፣ እማዬ መቼ ተንተባትባ ታውቃለች?»

አቶ እንድሪስ የምትቀልድ መሰላቸው። ሰሚራ ግን ጠዋት ጠዋት የምትቀልድ ሰው አይደለችም። ወደ ግድግዳው ዞር ብላ «ከእማዬ የቢስቲማ ካሴቶች ሦስተኛውን አሰማን» አለችው።

የሉባባ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ያው ጎርነን ያለው፣ ትንሽ ጉንፋን የያዘው የሚመስለው ድምፅ ነው። ሲስቅ ወደ ውስጥ የሚስቀው ያ ድምፅ። «እንድሪስ፣ እንደምን ሰነበትክ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ዛሬ ልጆቹን ማካፈል አስተማርኳቸው» እያለ ከቧንቧ እንደሚወርድ ውሃ አንዴም ሳይገታ ፈሰሰ።

«ይኸው» አለች ሰሚራ፤ ልጇን ይዛ ወጣች።

አቶ እንድሪስ ብቻቸውን ቀሩ። ሚስታቸው ከሞተች ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን ሲሰሙ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ያስደነገጣቸው ግን እሱ አይደለም።

* * *

በወጣትነታቸው ደሴ ፒያሳ ጠባብ ሱቅ ይዘው ቴፕና ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። ሉባባ ያኔ ለማስተማር ቢስቲማ ተመድባ ሄዳ ነበር። ስልክ እዚያ እንደ ልብ አይሠራም፤ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ አልወደደችም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ካሴት ሞልታ በአውቶቡስ ሾፌር ትልክላቸዋለች። አንደበቷ የሚያዝ ሴት ለምን ካሴት እንደመረጠች አንድ ቀን ቢጠይቋት፣ ብዙ ታግላ «ካሴት አያቋርጠኝም» ብላቸዋለች። ሃያ ስድስት ካሴት ሆነ። ተጋቡ፣ ሰሚራ ተወለደች፣ ሰሚራ አሥር ዓመት ሲሞላት ሉባባ ታማ ሞተች። አላህ ይዘንላት።

ካሴቶቹ ሣጥን ውስጥ ተቀመጡ። አቶ እንድሪስ ሊሰሟቸው አልደፈሩም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ2044 ዓ.ም.፣ ገራዶ አዲሱ ሕንፃ ላይ ቤት ሲደርሳቸው የቆየ ድምፅና ምስል ሁሉ ወደ ግድግዳው መግባቱን የሚያሳይ የዝውውር ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር፤ ካሴት፣ ሲዲ፣ የፎቶ አልበም ይዞ መግባት አይቻልም። እሳቸው ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ተኝተው ስለነበር ሁሉንም ያዛወረችው ሰሚራ ናት። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ላይ ግድግዳው የእናቷን ድምፅ ያሰማታል። አቶ እንድሪስ በዚያ ሰዓት ኮፍያቸውን አድርገው ይወጣሉ። ሐዘናቸው ስለሆነ ማንም አያግዳቸውም። እንዲህ ሲወጡ ሲገቡ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንደሚሰማ ሳያውቁ ኖሩ።

የትምህርት ቤቱ መልእክት በመጣ ማግስት ግድግዳው ረቡዕ መሆኑን ከነገራቸው በኋላ «አቶ እንድሪስ፣ ነገ በአራት ሰዓት የማስታወስ ምርመራ ቀጠሮ አለዎት» አላቸው። ቀጠሮውን የያዘችው ሰሚራ ነበረች። ክፉ አስባ አይደለም። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ የሟች ሚስቱን አነጋገር የሚዘነጋ ሽማግሌ ያስፈራል።

እሳቸውም ራሳቸውን ጠረጠሩ። ምርመራው ላይ ሥዕል እያሳዩ ስም አስጠሯቸው፣ ቁጥር ወደ ኋላ አስቆጠሯቸው፤ ሁሉንም መለሱ። ሐኪሙ «ለዕድሜዎ ደህና ነዎት» አላቸው። ደስ ግን አላላቸውም። እሳቸው ደህና ከሆኑ ደህና ያልሆነው ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሚራ ሥራ፣ ኑሃ ትምህርት ቤት ስትሆን ግድግዳው ፊት ወንበር አድርገው ሃያ ስድስቱንም አንድ በአንድ አዳመጡ። ጠጋኝ የሚያዳምጠው ዘፈኑን ሳይሆን ማሽኑን ነው። መጀመሪያ ያስተዋሉት ርዝመቱን ነበር። ካሴቶቹ ሁሉ የስልሳ ደቂቃ ነበሩ፤ ሉባባ ክሩ አልቆ ቴፑ ቀጭ እስኪል ድረስ ነው የምትናገረው፤ ብዙ ጊዜም ቃሏ መሃል ላይ ይቆረጣል። አሁን አንዱ ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው፣ አንዱ አርባ አንድ፣ አንዱ ሠላሳ አምስት። ሁሉም በስንብት ያልቃሉ።

ሁለተኛውን ያገኙት በአምስተኛው ቀን ነው። ሉባባ ቃል ሲይዛት በቀለበቷ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፤ ከዚያ ቃሉ ይወጣል። በተዛወረው ድምፅ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ውሃ የመሰለ ንግግር ሲወርድ፣ ከሥሩ ቀስ ብሎ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል። ያጸዳው ሰው ወይም ያጸዳው ነገር ትንፋሿን ሳይቀር አውጥቷል፤ ቀለበቱ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም። ቃል የማይዛት ሴት ጠረጴዛ የምትመታው ለምንድን ነው?

* * *

አቶ እንድሪስ ቅሬታ ይዘው የሄዱበት የዝውውር ጣቢያ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ሰው አልበሙን፣ ካሴቱን፣ የሠርግ ሲዲውን በፌስታል ይዞ ተሰልፏል። ከጀርባ፣ የተዛወረውን ዕቃ የሚፈጨው መፍጫ እንደ ወፍጮ ቤት ያጉረመርማል። ከፊታቸው የነበረች ሴት ለጓደኛዋ ስለ ሠርጓ ቪዲዮ ታወራለች፤ «የዚያን ቀን እኮ ዝናብ ነበር የደበደበን፤ አሁን ሲታይ ግን ፀሐይ ነው» አለች። ሁለቱም ሳቁ።

ያስተናገደቻቸው ቤዛዊት የምትባል ትሑት ልጅ ናት።

«ድምፁ ደብዝዞብዎት ነው፣ አባቴ?»

«አልደበዘዘም። ጥርት ብሏል።»

«ታዲያ ቅሬታዎ ምንድን ነው?»

«የሚስቴ አይደለም።»

ልጅቷ የእጅ ሰሌዳዋን አየች። «ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ የእሷ ነው ይላል።»

«የቀረው አንዱስ የማን ነው?»

ቤዛዊት ፈገግ አለች፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ገጥሟት የሚያውቅ ይመስላል። «ከመዛወሩ በፊት ይጸዳል። የክር ጩኸት፣ ባዶ ቦታ፣ ድግግሞሽ ይወጣል። ልጅዎ ተስማምታ ፈርማለች።»

«የወጣው የት ተቀመጠ?»

«ድግግሞሽ አይቀመጥም።»

«ካሴቶቹስ?»

ልጅቷ ወደ መፍጫው በኩል አየች። ከዚያ ጣቷን ሰሌዳው ላይ አሳርፋ «ያልተዛወረ ሌላ ነገር አለዎት?» አለቻቸው።

«የለኝም።»

«በዘመድ ቤትም ቢሆን? ያልተዛወረ ነገር አለ?»

ሁለት ጊዜ መጠየቋ ቆረቆራቸው። «የለም» ብለው ወጡ። መንገድ ላይ ሳሉ ግን ስለ ዘመድ ቤት ማሰባቸውን አልተዉም።

* * *

የሉባባ ታላቅ እህት ወይዘሮ ከዲጃ ሐይቅ ዳር፣ ግድግዳ በማይናገርበት አሮጌ ቤት ይኖራሉ። ሰማንያ ሞልቷቸዋል። ልጃቸው በሳምንት አንድ ጊዜ እየመጣ፣ እንደ ግድግዳው በሚሰማና በሚናገር አምባሩ የሟቾቹን ድምፅ ያሰማቸዋል።

«እት ከዲጃ» አሉ አቶ እንድሪስ፣ ከሰላምታው በኋላ። «የሉባባ አንደበት እንዴት ነበር?»

«ማር ነበር እንጂ።»

«አይያዝም ነበር?»

አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አዞሩ። «እንዲህ ብለህ ስትጠይቀኝ… አላውቅም። ልጄ የሚያሰማኝን ነው የማውቀው። ምን አስጠየቀህ?»

አቶ እንድሪስ ነገሩን ከሥሩ ነገሯቸው። ወይዘሮ ከዲጃ እየሰሙ መቁጠሪያቸውን አቆሙት። ከዚያ ተነሥተው ከአልጋቸው ሥር የእንጨት ሣጥን አወጡ። ውስጡ የአባታቸው የመንዙማ ካሴቶች ነበሩ። «እነዚህን አልሰጠሁም» አሉ። «የአላህ ስም ያለበት ወፍጮ ውስጥ አይገባም ብዬ። ሉባባ ልታገባ ስትል አንድ መልእክት ልካልኝ ነበር፤ ባዶ ካሴት አጥታ ከአባባ ካሴት በአንዱ ጀርባ ላይ ቀድታ። የቱ እንደሆነ እንጃ።»

ከካሴቶቹ ጋር አንድ ቴፕ ነበር፤ ላስቲኩ በስብሶ ተበጥሷል። አቶ እንድሪስ ጃኬታቸውን አወለቁ። ከወይዘሮ ከዲጃ አሮጌ ጉርድ ወገብ ላስቲክ ፈትተው ቀበቶ ሠሩለት፤ ክሩን የሚያነበውን ሔድ በሽቶ ጠረጉት፤ በፀሐይ የምትሞላውን ትንሿን የመብራት ሣጥን ፈትተው በባትሪ ድንጋዩ ፋንታ ሽቦዋን አገናኙ። እጃቸው አልረሳም። አራተኛው ካሴት ላይ መንዙማው አልቆ ጀርባው ሲገለበጥ፣ ክሩ ሽሽሽ እያለ ዞረ፤ ከጩኸቱ መሃል ትንፋሽ ተሰማ።

«እ-እ-እ-እት ከዲጃ…»

ወይዘሮ ከዲጃ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እሷ ናት» አሉ። «ወይ እኔ፣ እንዴት ረሳኋት?»

አቶ እንድሪስ ቴፑን ዘጉት። የቀረውን ያለ ሰሚራ ሊሰሙት አልፈለጉም።

* * *

ሰሚራን ወደ ሐይቅ ለማምጣት አክስቷ አሟቸዋል ማለት ነበረባቸው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ኑሃን ይዛ መጣች፤ አክስቷ ደህና ሆነው፣ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው ተቀምጠው ስታያቸው ፊቷ ተለወጠ።

«ለምንድን ነው የዋሸኸኝ፣ አባ?»

«አምባርሽን አውልቂና ተቀመጪ።»

አምባሯን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አቶ እንድሪስ ቴፑን ከፈቱ።

«እ-እ-እ-እት ከዲጃ። እን-እንደምን አለሽ? አ-አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። አ-አ-አትቆጪ።»

ሰሚራ ቴፑን፣ ከዚያ አባቷን አየች። ዓይኗ ቀዝቃዛ ነበር።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«ምን?»

«የቴፕ ሰው አንተ ነህ። ስለ ማቅኛው ተጨቃጨቅን፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ካሴት ተገኘ። እማዬን ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ። ይህቺ እማዬ አይደለችም።»

አቶ እንድሪስ ይህን አልጠበቁም። ወይዘሮ ከዲጃ «ልጄ፣ ከሣጥኔ ነው የወጣው» አሉ፤ ሰሚራ ግን አክስቷንም በዚያው ዓይን አየቻቸው። ካሴቱ መዞሩን አላቆመም። ኑሃ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች።

«ላ-ላገባ ነው» አለች ሉባባ። «የማገባው እን-እን-እን-»

ኳ። ኳ።

«እንድሪስን» አለች ሰሚራ፣ ትዕግሥቷ አልቆ።

ኑሃ እጇን አነሣች። «ቆ-ቆይ እማዬ። አ-አልጨረሰችም።»

ኳ። «እንድሪስን ነው» አለች ሉባባ። ወደ ውስጥ ሳቀች። «አየሽ፣ ስ-ስሙን ለመጥራት ይሄን ያህል ፈጀብኝ። ሰው ሁሉ ቃሌን ይጨርስልኛል፤ እ-እናታችንም፣ አንቺም። ያልኩትን ሳይሆን የመ-የመሰላቸውን ነው የሚጨርሱልኝ። እሱ ብቻ ቁ-ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ለ-ለዚህ ነው።»

ሰሚራ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። ክሩ አልቆ ቴፑ ቀጭ ሲል ደንግጣ ዞረች።

«ትቆጣኝ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከትምህርት ቤት ስመጣ፣ ስታወራ፣ ቃሏን ቀድሜ እልላት ነበር። አፌን በእጇ ትይዘኝ ነበር። እጇ ጠመኔ ጠመኔ ይሸታል።» አባቷን አየቻቸው። «ይሄ ግድግዳው ላይ የለም፣ አባ። የት ሄዶ ነው?»

«እንጃ» አሉ አቶ እንድሪስ። ጠጋኝ ሆነው ሳሉ የማያውቁት ነገር ስለሆነ አሳፈራቸው።

ካሴቱን ሣጥኑ ውስጥ፣ ከሌሎቹ መንዙማዎች መሃል መልሰው ከተቱት።

* * *

አርብ ከጁምዓ በኋላ አቶ እንድሪስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮፍያቸውን ሳያነሡ ምሳ ላይ ተቀመጡ። ሰሚራ ግድግዳውን ምንም አልጠየቀችውም፤ እሱ ግን ሰዓቱን ያውቃል።

«ስብስብዎ ላይ አንድ አዲስ ድምፅ ተጨምሯል» አለ። «ሃያ ሰባተኛ። ከሐይቅ።»

ከዚያ የሉባባ ድምፅ ሳይገታ ወረደ። «እት ከዲጃ፣ እንደምን አለሽ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ላገባ ነው፣ የማገባው እንድሪስን ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል።» አበቃ። ስለ መጠበቅ፣ ቃል ስለሚጨርሱላት ሰዎች የተባለው አንዱም የለም። ደስ ብሎኛል የሚለውን ደግሞ ሉባባ አላለችም።

ሰሚራ ወደ ቦርሳዋ፣ ከዚያ ሐይቅ ላይ ቦርሳዋ ውስጥ ሆኖ ሁሉን ወደ ሰማው አምባር አየች። ምግቡ ቀዘቀዘ። ኑሃ ግራ ገብቷት ከአያቷ ወደ እናቷ ዓይኗን ታመላልሳለች።

«ዋናው ቅጂ በእጅዎ ከሆነ» አለ ግድግዳው፣ «ማክሰኞ መኪናው ሲመጣ እንዲያስረክቡ በትሕትና ይጠየቃሉ። የኑሃ ስምምነትም አልተረጋገጠም።»

«አልስማማም» አለች ሰሚራ።

«ምክንያት?»

«አልስማማም አልኩ።»

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። የዝውውር ጣቢያዋ ቤዛዊት ነበረች፤ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች፤ መኪናው ከታች ቆሟል። አቶ እንድሪስ ጓዳ ውስጥ ሆነው በመጋረጃው ስንጥቅ ያያሉ። ልጃቸው በሕይወቷ ለመንግሥት ሰው ዋሽታ አታውቅም። የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሲመጣ እንኳ ያልተጠየቀችውን የምትናገር ናት።

«ሃያ ሰባተኛው ካሴት የት ነው ያለው?» አለች ቤዛዊት።

ሰሚራ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣም። ጆሮ ግንዷ ቀላ። «የ… የለም» አለች። «አክስቴ ጋ… ቴፑ በላው። ክሩ ተ… ተበጣጠሰ። ጣ… ጣልነው።» ድምፅዋ ሦስት ቦታ ተሰበረ። ጓዳ ያሉት አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ይህን የሰማ ማንም ሰው ውሸት መሆኑን ያውቃል።

ቤዛዊት ግን እየሰማች አልነበረም። ሰሌዳዋን ታይ ነበር። ሰሌዳው ቃሉን ተቀብሎ፣ አጽድቶ፣ በሰሚራ በራሷ ድምፅ መልሶ አሰማው፤ «የለም። አክስቴ ጋ ቴፑ በላው። ክሩ ተበጣጠሰ፣ ጣልነው።» የተረጋጋ፣ ጥርት ያለ፣ አንዲት መንቀጥቀጥ የሌለበት የእውነተኛ ሰው ቃል።

«ትክክል ነው?» አለች ቤዛዊት።

ሰሚራ የራሷን ድምፅ ያመጣውን ሰሌዳ ትንሽ አየችው። «ትክክል ነው።»

በጣቷ ፈረመች። ቤዛዊት አመስግና ወደ ጎረቤት በር ሄደች። ሰሚራ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። አባቷ መጋረጃውን ገልጠው ወጡ።

«ሰማኸኝ?» አለቻቸው በሹክሹክታ፣ ግድግዳው እንዳይሰማ።

«ሰማሁሽ» አሉ።